የያሕያ ሚዛን

«ወላሂ! ከዚህ በኋላ ከአፌ ከሚወጣው አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ፣ ጓዳ ያስቀመጥኩት በርበሬ በሙሉ ቀይ አፈር ይሁን!»

ያሕያ የጀመረው እንዲህ ብሎ ነው። ቀኝ እጁን ጣራው ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ወደ ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ግራ እጁ ግን የተቀመጠበትን ወንበር ጠርዝ ጨብጦ ቀረ። ድምፁም የቤት ውስጥ ድምፅ አልነበረም፤ አንኮበር ላይ ያለ ሰው «ማን ጠራኝ?» ብሎ ዞር የሚልበት ዓይነት ነበር።

«በአላህ ስም አትቀልድ» አለ ታላቅ ወንድሙ ኢስሀቅ፣ ፍራሹ ላይ ተደግፎ ጥርሱን እየጎረጎረ። «ዝም ብለህ አውራ። የምንመዝነው እኛ ነን።»

ዕለቱ የገበያ ዋዜማ ነው። ዙሁር ተሰግዶ፣ ምሳ ተነስቶ፣ ኢስሀቅ ቤት የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ኢስሀቅ፣ ያሕያ፣ የያሕያ ወንድ ልጅ ዓብዱራህማን፣ እንዲሁም ጠዋት አባቷን ያሕያን ከደብረ ብርሃን ይዛ የገባችው ሴት ልጁ ሌይላ። ሌይላ ከሌሎቹ ራቅ ብላ የሻርፗን ጫፍ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ከገባች ጀምሮ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተናገረችም።

ያሕያ በአሊዩ አምባ ገበያ በርበሬና ቅመም መሸጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። እሱን ከጠየቃችሁት ሃምሳ ነው። ዕድሜው ራሱ ሃምሳ አራት መሆኑን ብታስታውሱት «በአራት ዓመቴ ነው የጀመርኩት» ይላችኋል እንጂ አንዲት ዓመት አይቀንስላችሁም። ስኳር በሽታ ከያዘው ግን ስድስት ዓመቱ ነው፤ እዚህ ላይ ጨምሮበት አያውቅም። ስኳሩ መጀመሪያ የሻይውን ጣዕም ወሰደበት፤ ቀጥሎ የእግሩን ስሜት። ጣቶቹ በየቦታቸው አሉ፤ መኖራቸውን የሚያውቀው ግን ጎንበስ ብሎ ሲያያቸው ነው። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ገበያ መሀል ወደቀ። የመጀመሪያው በራሱ የበርበሬ ጆንያ ላይ ስለነበር በርበሬ ተራ በሙሉ አስነጥሶ፣ ስቆ ዝም አለ። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ነበር። ያኔ የሳቀ የለም።

ደብረ ብርሃን ወስደው ያሳዩት ሐኪም መረመረውና «ሚዛንዎ ተዛብቷል» አለው። «የእግርዎን ነርቭ ወደ ነበረበት መመለስ አልችልም። ሚዛንን የሚያስጠብቅና የሰውነትን መሀል የሚያጠነክር ስፖርት ግን አለ። በርትተው ከሠሩ ከመውደቅ ያድንዎታል።»

ነገር የተበላሸው በዚች አንዲት ቃል ነው። በቀጣዩ ገበያ አባቱን ተክቶ የተቀመጠው ዓብዱራህማን፣ ሰው «አባትህስ?» ሲለው «አባባ ሚዛኑ ተዛብቶበት ደብረ ብርሃን ነው ያለው» ብሎ መለሰ። ልጁ የተናገረው ስለ አባቱ ሰውነት ነው። ገበያው የሰማው ስለ ብረቱ፣ ስለ ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን ነው። ወሬው ከበርበሬ ተራ ተነስቶ ሽንኩርት ተራ ሲደርስ ያሕያ ከኪሎ ይሰርቃል ሆነ፤ ከብት ተራ ሲደርስ ያሕያ ታስሯል ሆነ። ሃያ ዓመት ደንበኛው የነበረችው አፊፋ የገዛችውን አንድ ኪሎ በርበሬ ይዛ ተመልሳ፣ ሰው እያየ በጎረቤቱ ሚዛን አስመዘነችው። ኪሎው ሙሉ ነበር። ሙሉ መሆኑን ግን ማንም አላወራም።

ያን የሰማ ዕለት ያሕያ እራት አልቀመሰም። ኢስሀቅ እንደ ታላቅነቱ ነገሩን በአጭር ሊቆርጠው ፈለገ፤ ገበያውን ዓብዱራህማን ይያዘው፣ አዲስ ሚዛን ይግዛ፣ ወሬው በዚያው ይሞታል አለ። ያሕያ በዚህ ጊዜ ነው ያበደው። አዲስ ሚዛን መግዛት ማለት አሮጌው ሲዋሽ ነበር ብሎ መመስከር ነዋ! ሠላሳ ዓመት (እሱ ሃምሳ ነው ያለው) በአንድ ቀን አፈር ሊለብስ ነው። ተጨቃጭቀው፣ ተጨቃጭቀው፣ አምስት ሳምንት ተሰጠው። ደብረ ብርሃን ሌይላ ቤት አርፎ ስፖርቱን ይሠራል። በእግሩ ጸንቶ ከተመለሰ ገበያ ወርዶ ከሚዛኑ አጠገብ ይቆማል፤ ሰው ያየዋል፣ ወሬውም ያፍራል። ካልሆነ አዲሱ ሚዛን ይገዛል።

አምስቱ ሳምንት ዛሬ ሞላ።

«ወሬው ይቅርና» አለ ኢስሀቅ፣ «ተነስተህ በአንድ እግርህ ቁምልን። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለኝም።»

ያሕያ ከወንበሩ እስከ በሩ ያለውን ወለል በዓይኑ ለካው። ስምንት እርምጃ። መሀሉ ላይ እጅ የሚያርፍበት ነገር የለም፤ ጠረጴዛ የለም፣ ምሰሶ የለም።

«ቤት በመስኮት ይገባል እንዴ፣ ጋሼ?» አለ። «መጨረሻውን በመጀመሪያ ልታየው ትፈልጋለህ። ቆይ፣ በበሩ ላስገባህ።»

አስገባውም።

ጂሙ እናንተ የምታውቁት ዓይነት ጂም አልነበረም። የጣርማ በር ዋሻ እንዳለ ጓዳው ውስጥ ቢገባ ቦታ ይተርፋል። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ ያሕያ ሽርጡን ታጥቆ በሩን ገፋ ሲያደርግ ሁለት መቶ ያሕያ አብሮት ገባ። ይህን ያዩ አርባ ጎረምሶች የሚያነሱትን ብረት አየር ላይ እንደያዙ ቀሩ።

«አየር ላይ?» አለ ዓብዱራህማን።

«አየር ላይ።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ‹አውርዱት፣ ልጆቼ› እስክላቸው።»

ከጎረምሶቹ መሀል መሰረት የምትባል አሠልጣኝ ብቅ አለች። ቁመቷ ከመስጊዱ ሚናራ በሁለት ክንድ ይበልጣል፤ ክንዷ የያሕያን ጭን ያክላል። አንገቷን ደፍታ ሰላም አለችውና ጫማውን እንዲያወልቅ ጠየቀችው።

«ምነው፣ ልሰግድ ነው?» አላት።

«እግርዎ መሬቱን እንዲያውቀው ነው፣ አባቴ።»

«እግሬና መሬቱ ከተኳረፉ ቆይተዋል። አንቺ ታስታርቂያቸዋለሽ?»

«እስቲ ሽማግሌ ልሁናቸው» አለች።

ዓብዱራህማን ከት ብሎ ሳቀ። ያሕያ የልጁን ሳቅ ሲሰማ ደረቱ ቀለል አለው። የሚስቅ ሰው «ተነስ» አይልም። ወንበሩን የጨበጠው እጁ በላብ ርሶ ስለነበር ቀስ ብሎ ሽርጡ ላይ ጠረገው፤ መልሶም ጨበጠ።

መሰረት ዞር ዞር ብላ አየችውና ጣቷን እምብርቱ ላይ አነጣጥራ «ችግሩ እዚህ ነው» አለች። «ኮርዎ ላልቷል።»

«ኮርቻዬ?»

«ኮር! የሰውነት መሀል ማለት ነው፤ ሆድ፣ ወገብ፣ ጀርባ። እግር ቢደክም እንኳ ኮር ከጠበቀ ሰው ቶሎ አይወድቅም።»

«ታዲያ ኮርቻ አይደል! መሀል ላይ የሚጠብቀው እሱ፣ ከላላ የሚጥለው እሱ። አያቴ ሦስት ሺህ በቅሎ ጭኖ ከዚህ አዋሽ ድረስ ሲመላለስ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር።»

«ቀንስ» አለ ኢስሀቅ።

«ሦስት መቶ።»

«ቀንስ። የኔም አያት ናቸው።»

«አራት በቅሎና አንድ አህያ። ግን አህያዋ የበቅሎ ያህል ነበረች።»

ከዚያች ቀን ወዲያ ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮር የሚል ሰው ጠፋ። ጎረምሳው ሁሉ «ኮርቻ አጥብቅ! ኮርቻ አጥብቂ!» እየተባባለ ነው የሚሠራው። መሰረትም የአጠባበቁን መንገድ ለያሕያ አሳየችው፤ እምብርቱን ወደ ጀርባው ሳብ ያደርጋል፣ ትንፋሹን ግን አያፍንም። ያሕያ እምብርቱን ሲስብ ጊዜ ሆዱ ጀርባውን አልፎ ሊወጣ ጥቂት ቀረው።

ከዚያ ፕላንክ መጣ። በደረቱ ተዘርግቶ፣ በክርንና በእግር ጣት ብቻ ከመሬት ብድግ ብሎ እንደ ሳንቃ ደርቆ መቆየት ነው። ያሕያ መጀመሪያ ቂብላው፣ የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። መሰረት ለስፖርቱ እንደማያስፈልግ ብትነግረውም፣ ግንባሩ ወደ መሬት በተጠጋ ቁጥር አቅጣጫውን ሳያውቅ አይሆንለትም። ተዘረጋ፣ ብድግ አለ፣ ቆየ።

«ስንት ቆየህ?» አለ ኢስሀቅ። ከፍራሹ ቀና ብሎ ነበር፤ በርበሬ እንደሚገዛ ሰው ዓይኑን አጥብቧል።

«ሰማንያ ደቂቃ።»

«ቀንስ።»

«ጋሼ ሙት፣ ሰማንያ! ለአንተ ስል ስድሳ።»

«ሰው ሳንቃ ሆኖ ስድሳ ደቂቃ ከቆየ ምስማር ይመቱበታል። ቀንስ።»

«ሃያ።»

«ሌላ ሻጭ ጋ ልሂድ?»

«አምስት፤ ከዚህ በታች ኪሳራ ነው።»

«አንድ።»

«ሁለት በለኝና ውሰደው» አለ ያሕያ። «ሁለቱም ግን የደብረ ብርሃን ደቂቃ ነው። እዚያ ብርዱ ደቂቃውን ያደርቀዋል፤ ቶሎ አያልፍም።»

ኢስሀቅ መሳቅ አልፈለገም ነበር፤ ትከሻው ግን አሳጣው። ያሕያ ይህን አየ። ወንድሙ ሲስቅ ትከሻው እንደሚቀድም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃል። እየገዛ ነው። ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ወሬውን ገዝቶታል፣ ወይ አብሮት እየተጫወተ ነው፤ ያሕያ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለም። አልጋ ላይ ያለ ሰው ሐኪሞች ከራስጌው ቆመው ሲነጋገሩ ፊታቸውን እንደሚያነብ ሁሉ፣ እሱም የወንድሙን ፊት እያነበበ ቀጠለ። ከመቀጠል ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም።

ቀጥሎ ግማሽ ኳስ አመጡለት። ሆዱ ሽቅብ ያበጠ፣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ጎማ ነው። የቀረውን ግማሽ የት እንዳደረሱት ማንም አልነገረውም። በእሱ ላይ ወጥቶ መቆም ነው፤ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ኋላ በአንድ። ጎማው በሬ ነው። ከግራ ሲይዙት በቀኝ ያመልጣል፤ ከፊት ሲጫኑት ከኋላ ይነሳል። አርባዎቹ ጎረምሶች ተራ በተራ ሞክረው አርባዎቹም ወድቀዋል። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልታዩም።

«አንድ ቦታ ይመልከቱ» አለችው መሰረት። «ዓይንዎ ከዞረ እግርዎ ይከተለዋል።»

ያሕያ መስታወቱን ተመለከተ። መስታወቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበር። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ አየሩን ይዳብሳል፤ መብራት የጠፋበት ሰው ግድግዳ ሲፈልግ ይመስላል። አፉ ክፍት ነው። ያሕያ ማን ይሆን ብሎ ወደ ጎኑ አየ። ከጎኑ ማንም አልነበረም።

ይህን ለማውራት አላሰበም ነበር። አፉ ነው ያመለጠው። ዓብዱራህማን ወደ መሬት አየ፤ ሌይላ ሻርፗን ማጠፏን አቆመች። ያሕያ ለአንድ አፍታ ምን ጨምሮ ምን እንደሚሸፍነው ጠፋው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ቁጥር ይመጣለታል፤ አሁን ቁጥርም አልመጣለት።

«ከዚያስ?» አለ ኢስሀቅ፣ ለስለስ ብሎ።

«ከዚያማ» አለ ያሕያ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሽማግሌውን አባረርኩት!»

ኮርቻውን አጠበቀ፤ እምብርቱን ሳበ፤ ትንፋሹን ለቀቀ። ቀኝ እግሩን ከጎማው አነሳ። በግራው ቆመ። ጎማው ተንፈራገጠ፣ ተጠማዘዘ፣ በኋላም ጌታውን እንዳወቀ ከብት ፀጥ አለ። ያሕያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ የመስጊዱ አዛን ተጀመረ፤ አዛኑ አለቀ፤ ሰው ወደ መስጊድ ሄደ፤ ሰግዶ ተመለሰ። መሰረት ልትደግፈው የዘረጋችው እጇ ዝሎ ወደቀ። በመጨረሻ እንባዋን እየጠረገች «አባቴ፣ እርስዎን የማሠለጥነው እኔ አይደለሁም፤ እርስዎ ነዎት» አለችው። የያሕያ ሁለት ትከሻ ግራና ቀኝ ተስተካክሎ ቆሟል፤ አንዱ ካንዱ አይበልጥም፣ አንዱ ካንዱ አያንስም።

ታሪኩ እዚህ ላይ አለቀበት። ሌላ የሚያስረዝምበት አልቀረውም። ያሕያ ዝም ብሎ ወንድሙ «ተነስ» እስኪለው ጠበቀ። እግሩ ጫማው ውስጥ መኖሩን ለማረጋገጥ ጎንበስ ብሎ አየው። አለ።

ኢስሀቅ ግን «ተነስ» አላለም። ከፍራሹ ተነስቶ፣ መጥቶ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንተን ሳደምጥ ኖሬያለሁ» አለ። «ግማሹን ጥዬ ግማሹን ነው የምወስደው። ግማሹም ቢሆን ይበቃኛል። በቃ፣ አዲስ ሚዛን አይገዛም። ነገ ገበያውን አንተ ትወርዳለህ።»

«አልሃምዱሊላህ!» አለ ዓብዱራህማን። ከልቡ ነበር። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት አምስት ሳምንት ሙሉ ሲያፍር ከርሟል።

«ግን ብቻህን ነው» አለ ኢስሀቅ። «ዓብዱራህማን ከጎንህ እንዳይታይ። ‹ልጁ ደግፎት መጣ› ካሉ ወሬው እንደ አዲስ ይነሳል። ሚዛኑን ራስህ ትከሻህ ላይ አድርገህ፣ ጠዋት ሰው ሞልቶ እያለ፣ በታችኛው መንገድ ትወርዳለህ። ሁሉም ይይህ።»

ታችኛው መንገድ መኪና አያውቀውም። ከቤታቸው ደጃፍ ተነስቶ ገበያው ድረስ ሃያ ደቂቃ የሚወርድ የድንጋይ ቁልቁለት ነው፤ አንዳንዱ ድንጋይ ከረገጡት በኋላ ነው የሚንከባለለው። ያሕያ በልጅነቱ እየሮጠ ይወርደው ነበር። በዚህ ላይ አንድም ቃል ሳይጨምር፣ እውነት ነው፣ እየሮጠ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለ ኢስሀቅ።

«ኢንሻአላህ» አለ ያሕያ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ወጣ። አሸንፏል። የጠየቀውን ሁሉ ሰጥተውታል፤ ስሙን፣ ቦታውን፣ አሮጌ ሚዛኑን። የማይፈልገውንም ቁልቁለት ጨምረውለታል፤ ሊመልሰው አይችልም፤ ለመመለስ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራውን በሙሉ መዋጥ አለበት። አፉን ከፈተ። «ኧረ ተውኝ፣ እወድቃለሁ» የሚለው ቃል ምላሱ ሥር ነበር፤ ሊያወጣው ሞከረ፤ እግሩ እንደማይታዘዘው ሁሉ ምላሱም አልታዘዘውም። ዞር ሲል ዓይኑ ከሌይላ ዓይን ጋር ተጋጨ።

ሌይላ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። ስትናገርም ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«አጎቴ» አለች። «አልገባንም።»

«የት?» አለ ኢስሀቅ።

«ጂሙ። ፎቅ ላይ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። አባባ አራተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ መውጣት አልቻለም። መሰረት ሰምታ ራሷ ወደ ታች ወረደች፤ ቁመቷ ከእኔ ያንሳል፤ ደረጃው ላይ አብራው ተቀምጣ አነጋገረችው። ቤት የሚሠራውን ስፖርት በቪዲዮ ላከችልን። ግማሽ ኳሱንም፣ ጎረምሶቹንም ያየው በስልኬ ነው።»

ያሕያ ጎንበስ ብሎ እግሮቹን አየ።

«ሠርቷል ግን» አለች። «በየቀኑ ነው የሠራው፤ ሰንፎ አይደለም። ግድግዳ ይዞ ይቆማል፤ እኔ ከኋላው ወገቡን እይዛለሁ። ስለቀው፣ መልሶ እስኪያጋድል ድረስ እቆጥራለሁ። አንድም ቀን ከሦስት አላለፍንም።»